የፈቃድ መዝገቡን ገልጣችሁ እዩት

(ጎንደር ላይ ለሆቴል፣ ለጋራዥ፣ ለልብስ ስፌትና ለእርሻ ባለቤቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ገበያው ቀዝቅዞ፣ የዕቃ ዋጋ በየሳምንቱ እየጨመረ፣ "የሠራተኛ ጤና" የሚል ርዕስ ሰምቶ መምጣት ቀላል አይደለም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ብር ነው። ግን በሰው ልጀምር።

ከዓመታት በፊት አንድ ሆቴል ሒሳብ ክፍል እሠራ ነበር። ስሙ ይቅር። ደመወዝ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ፤ የፈቃድ መዝገቡም እኔው ዘንድ ነበር። ትልቅ ባለ መስመር ደብተር ነው። ቀን፣ ስም፣ ምክንያት፣ ፊርማ። ልብስ አጣቢያችን ሦስት ልጆች ለብቻቸው የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። ሁላችንም "እትዬ" ነበር የምንላቸው። አንድ ቀን ጠዋት አንሶላ እያሰጡ ወደቁ። ደም ግፊት ነው ተባለ፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። ነፍሳቸው ተረፈች። ቀኝ እጃቸው ግን አልተመለሰም።

በወሩ መጨረሻ ደመወዝ ልሠራ ደብተሩን ገለጥኩ። በዚያ ዓመት ሰባት ቀን ቀርተዋል። በሰባቱም ቀን "ምክንያት" የሚለው ቦታ ላይ "ራስ ምታት" ይላል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ሰባት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሰባት ጊዜ አሰላሁ። አንድም ቀን ቀና ብዬ "እትዬ፣ ይሄ ራስ ምታት ምንድን ነው? ታይተውለታል ወይ?" አላልኩም። እሳቸው ፋርማሲ ጎራ ብለው የራስ ምታት ክኒን ይገዙ ነበር። ያ ደብተር ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሠራተኛ ጤና ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት በጣም ደስ የሚል ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ኬት ቤከር፣ ዴቪድ ከትለርና ዚሩይ ሶንግ የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ቀደም ሲል የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው አሰሉ። አንድ ድርጅት ለሠራተኞቹ ጤና ፕሮግራም 1 ዶላር ሲያወጣ የሕክምና ወጪው በ3 ዶላር ከ27 ሳንቲም ገደማ ይቀንሳል አሉ። ሠራተኛ ሲቀር የሚደርሰው ኪሳራም በ2 ዶላር ከ73 ሳንቲም ገደማ ይቀንሳል። አንድ አውጥተህ ከስድስት ጋር ስትመለስ አስቡት! እንዲህ ዓይነት ንግድ ከወዴት ይገኛል? ይህ ቁጥር በዓለም ዙሪያ ተባዛ። ስፖርት ቤት የሚሸጠውም፣ የእርምጃ መቁጠሪያ የሚሸጠውም፣ አሠልጣኙም ይዞት ዞረ። ዛሬም ይህን ቁጥር ይዞ ቢሮአችሁ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

ሲመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። "እነማንን ከእነማን ጋር አወዳድራችሁ ነው?"

በእኛው ከተማ ላስረዳ። በማለዳ የጎሃን ዳገት በእግራቸው የሚወጡ ሰዎች አሉ። ታውቋቸዋላችሁ፤ ሽማግሌዎችም ጭምር አሉበት። እነሱን ቤቱ ከተኛው ሰው ጋር ብናወዳድር ዳገት ወጪዎቹ ጤነኞች ሆነው እናገኛቸዋለን። ታዲያ ዳገቱ ነው ጤነኛ ያደረጋቸው? ወይስ ድሮም ጉልበቱ ያለው፣ ልቡ ያልደከመው ሰው ነው ዳገት የሚወጣው? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። በዓይን አይቶ መለየት ግን አይቻልም። ዕጣ ማውጣት ያስፈልጋል።

ዕጣውን ያወጡት የኢሊኖይ ተመራማሪዎች ናቸው። ዴሞን ጆንስ፣ ዴቪድ ሞሊተርና ጁሊያን ሪፍ እ.ኤ.አ. በ2016 በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 12,459 ሠራተኞችን ጋበዙ። 4,834ቱ መጡ። ከእነሱ ውስጥ በዕጣ የደረሳቸው ወደ ጤና ፕሮግራሙ ገቡ፤ ያልደረሳቸው እንደነበሩ ቀጠሉ። ምርመራ ነበረ፣ ትምህርት ነበረ፣ የገንዘብ ማበረታቻም ነበረ። ውጤቱ ሲታይ በሕክምና ወጪም ሆነ በሥራ መቅረት ላይ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ከዚያ አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። ያንኑ መረጃ በድሮው መንገድ እንደገና አሰሉት፤ የተሳተፈውን ካልተሳተፈው ጋር አወዳደሩ። በዚህ ስሌት ፕሮግራሙ ትርፋማ መሰለ! ሰዎቹ ያው፣ ዓመቱ ያው። የተቀየረው ማወዳደሪያው ብቻ ነው። ፈቅደው የገቡት ሰዎች ቀድሞውንም ጤነኞችና ትንሽ የሚያስወጡ ነበሩ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥናት ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። የሠሩት ከላይ የጠራኋቸው ዚሩይ ሶንግና ኬት ቤከር ራሳቸው ናቸው። ቢጄስ በተባለ የጅምላ መደብር 160 ቅርንጫፎች ውስጥ 33,000 ገደማ ሠራተኞችን ወሰዱ። 20 ቅርንጫፎች በዕጣ ፕሮግራሙን አገኙ። ከ18 ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱን አወጡ። ፕሮግራሙ ባለበት ቅርንጫፍ ያሉ ሠራተኞች "ስፖርት እሠራለሁ፣ ክብደቴን እከታተላለሁ" ማለታቸው ጨምሯል። የደም ግፊታቸው፣ ኮሌስትሮላቸው፣ የሕክምና ወጪያቸው፣ የቀሩበት ቀን ግን አልተለወጠም። በራሳቸው ቁጥር የታወቁ ሰዎች፣ ዘጠኝ ዓመት ቆይተው በተሻለ ዘዴ ሲመዝኑ ሌላ ነገር አገኙ፤ ያገኙትንም ሳይሸሽጉ አወጡት። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው አከብራለሁ።

እንግዲህ ነገሩ ከንቱ ነው ልላችሁ ነው? አይደለም። የምለው ብሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው ነው።

ፔፕሲን በሚያመርተው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ፔፕሲኮ ውስጥ ለሰባት ዓመታት የተካሄደ ፕሮግራም ተጠንቶ ነበር። ሁለት ክፍል ነበረው። አንዱ የአኗኗር ትምህርት ነው፤ ብላ፣ አትብላ፣ ተንቀሳቀስ የሚል። ሁለተኛው ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም የመሰለ በሽታ ያለበትን ሰው እየተከታተሉ መድኃኒቱን በአግባቡ እንዲወስድ መርዳት ነው። የመጀመሪያው 1 ዶላር ሲወጣበት የመለሰው 50 ሳንቲም ገደማ ብቻ ነው። ግማሹ ቀለጠ ማለት ነው። ሁለተኛው 3 ዶላር ከ80 ሳንቲም ገደማ መለሰ። ይህኛው በዕጣ የተሠራ ጥናት አይደለም፤ ስለዚህ ቁጥሩን በጥንቃቄ ነው የምይዘው። አቅጣጫው ግን እትዬ ሆይ ያሰኘኛል። እሳቸው የሚያስፈልጋቸው የእግር ጉዞ ዘመቻ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ቆመው ነው የሚውሉት። የሚያስፈልጋቸው የደም ግፊታቸውን የሚለካ ሰውና በየወሩ የማይቋረጥ ክኒን ነበር።

አሁን ወደ እኛ አገር ሒሳብ እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ ቀጣሪው የሠራተኛውን የጤና መድን ይከፍላል። ሠራተኛው ሲድን ብሩ ለቀጣሪው ይመለሳል። እዚህ እንደዚያ አይደለም። አብዛኛው ሠራተኛችን ሲታመም የሚከፍለው ራሱ ነው፤ ወይ ቤተሰቡ፣ ወይ ዕድሩ፣ ወይ ከእናንተ የሚጠይቀው የቅድሚያ ደመወዝ። ስለዚህ "የሕክምና ወጪ ቀነሰ" የሚለው የውጭ አገር ቁጥር ለእናንተ ምንም ማለት አይደለም። እናንተ የምትከስሩት በሌላ በር ነው።

አንደኛው በር የታወቀ ነው፤ የሕመም ፈቃድ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈለዋል። ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው።

ለምሳሌ ያህል እናስላ። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ቀይሯቸው። 40 ሠራተኛ ያለው ሆቴል ይሁን። አማካይ ደመወዝ 6,000 ብር። በወር 26 የሥራ ቀን ብንይዝ የአንድ ቀን ደመወዝ 230 ብር ገደማ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት 6 ቀን በሕመም ይቅር። 240 ቀን ሆነ። ብሩ 55,200። አሁን ለአንድ ዓመት 60,000 ብር የሚያስወጣ የጤና ፕሮግራም ገዛን እንበል። ከቀሩት ቀናት ሩቡን ቢያድንልን ስንት ነው? 13,800 ብር። ከ46,000 ብር በላይ ከሠርን።

ይህን የምነግራችሁ እውነቱን ለመናገር ነው። የእኛ አገር ደመወዝ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ በፈቃድ ቀን ብቻ ካሰላችሁት ትልቅ ፕሮግራም አያዋጣም። አያዋጣም ብላችሁ ከወሰናችሁም ልክ ናችሁ።

ግን የዋና ምግብ አብሳያችሁ የምትቀርበት ቀን 230 ብር ነው? ሠርግ ይዛችሁ፣ ሁለት መቶ ሰው ጠርታችሁ፣ እሷ ጨጓራዋ ተነስቶ ስትቀር? ጋራዥ ያላችሁ፣ ሞተር የሚፈታው ልጅ ወገቡን ይዞ ሲተኛ ደንበኛው መኪናውን ጎትቶ ወደ ሌላ ጋራዥ አይወስድም? ሁለተኛው በር ይሄ ነው። በፔሮል ላይ አይታይም። ሦስተኛው ደግሞ ጨርሶ አይታይም፤ ሰውየው መጥቷል፣ ፈርሟል፣ ግን እያመመው ነው። እጁ አለ፣ ልቡ የለም። ሒሳብ ይሳሳታል፣ ሳህን ይሰብራል፣ በደንበኛ ላይ ይቆጣል። እኛ ጠባዩ ተበላሸ እንላለን። (በዓቢይ ጾምና በረመዳን ይህ ይብሳል። የስኳር ወይም የግፊት ክኒን የሚወስድ ሠራተኛ ካላችሁ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን እንዲያማክር ንገሩት። የምሳ ሰዓትም አዛውሩለት። ይህ አንድ ብር አያስወጣም።)

ስለዚህ ምክሬ ትንሽ አውጡ፣ ግን ሕመሙ ባለበት ቦታ ላይ አውጡት ነው።

አንድ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም ስለምወደው። መነጽር ነው። ሰው ከ40 ዓመት በላይ ሲሆን የቅርብ ነገር ማየት ይቸግረዋል። በሽታ አይደለም፤ ዕድሜ ነው። ጥልፍ የሚጠልፉ እናቶች መርፌ ሲያስገቡ ክሩን ከፊታቸው ሲያርቁት አይታችሁ የለ? ሕንድ ውስጥ፣ አሳም በተባለው የሻይ አገር፣ ዕድሜያቸው 40ና ከዚያ በላይ የሆኑ 751 ሻይ ቀንጣቢዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ወዲያው የንባብ መነጽር በነጻ ተሰጣቸው። በየቀኑ የሚቀነጥቡት ቅጠል በኪሎ ተመዘነ። መነጽር ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ምርታቸው በ21.7 በመቶ በለጠ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው የወጣው። በ2024 ደግሞ ባንግላዴሽ ውስጥ በእጅ ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች መነጽር ሲያገኙ የወር ገቢያቸው በሲሶ ያህል አደገ።

እስቲ አስቡት። ይህ ቅጠል ቀንጣቢ ነው። ለልብስ ሰፊ፣ ለጥልፍ ባለሙያ፣ ለሰዓት ጠጋኝ፣ ለገንዘብ ተቀባይስ? ጥምቀት ሲቃረብ ስፌት ቤቶቻችን ሌሊት ሁሉ ነው የሚሠሩት። ያኔ ነው ስፌት የሚፈታው፣ ጥለት የሚዛነፈው፣ ደንበኛ የሚቆጣው። "አሮጊቷ ደከመች" ይባላል። አልደከመችም። አታይም። ከጤና ወጪ ሁሉ እንደዚህ በአጭር ጊዜ የሚመለስ ሌላ አላውቅም። ታኅሣሥ ሳይገባ ከ40 በላይ ያሉትን ሁሉ ዓይናቸውን አስለኩ።

ከመነጽር ቀጥሎ የደም ግፊት መለኪያ ነው። አንድ ማሽን ለዓመታት ያገለግላል። ግፊት ምልክት ሳያሳይ የሚቆይ በሽታ ነው፤ ሳይለኩ አይታወቅም። ሦስተኛው ንጹህ ውኃና ሳሙና። ስለዚህ ብዙ አልናገርም፤ ወጥ ቤት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ተቅማጥ የያዘው አስተናጋጅ ስንቱን ደንበኛ ይዞ እንደሚሄድም ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ግን ሁሉንም ሊያፈርሰው ይችላል፤ ፍርሃት። ጎንደር ሁሉም የሚተዋወቅበት ከተማ ነው። ሠራተኛው "ግፊት አለብህ ብለው ያባርሩኛል" ካለ አይለካም። ወይም ተለክቶ ይደብቃል። ስለዚህ ለኪው ነርስ ይሁን፣ ውጤቱ የሠራተኛው ይሁን፣ እናንተ አትጠይቁ። እናንተ ማወቅ ያለባችሁ ስንት ሰው እንደተለካና ስንት ሰው ክትትል እንደጀመረ ብቻ ነው። ስም አያስፈልጋችሁም። ለክትትል የሚሄድበትን ግማሽ ቀን ግን ከደመወዙ አትቁረጡ። የቆረጣችሁ ዕለት ክትትሉ ያበቃል፤ ያወጣችሁት ብርም አብሮ ይሄዳል።

ንግግሬን ከጨረስኩ በኋላ አንድ መተማ ላይ ሰሊጥ የሚያለሙ አባት እጃቸውን አወጡ። "ልጄ፣ አንተ የምትለው ለቋሚ ሠራተኛ ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ለአረምና ለአጨዳ ነው። ሁለት ወር ሠርቶ ይሄዳል። ዳግም ላላየው ሰው ጤና ምን ብዬ ላውጣ?" አሉኝ። ከምሽቱ ጥያቄዎች ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነበር። የመለስኩላቸውን ላስፍረው።

"አባቴ፣ ሰሊጥ ሲደርስ ስንት ቀን ይጠብቅዎታል?" አልኳቸው። ሳቁ። አይጠብቅም። የፍሬው ቋት ከተከፈተ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። አጨዳው የሚውለው ደግሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፤ ዝናቡ ቆሞ ወባ በሚነሳበት ወቅት። ሠራተኛው ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ሥር ያድራል። የወባ ትንኝ ይነክሰዋል፤ ካላ አዛር የተባለውን፣ ጉበትና ጣፊያ የሚያሳብጠውን በሽታ የምታስይዘዋ የአሸዋ ዝንብም በዚያው አካባቢ አለች። አሥር አጫጆች በዚያ ሳምንት ቢተኙ የሚከስሩት የእነሱን የቀን ሒሳብ አይደለም። የፈሰሰውን ሰሊጥ ነው።

ናይጄሪያ ውስጥ በአንድ ሰፊ የሸንኮራ እርሻ ላይ ሸንኮራ ቆራጮች ሥራ ቦታቸው ድረስ የወባ ምርመራና ሕክምና ተሰጣቸው። የሚከፈላቸው በቆረጡት ልክ ነበር። በቀጣዮቹ ሳምንታት ገቢያቸው 10 በመቶ ገደማ ጨመረ። ልብ በሉ፣ በሳምንታት ነው። "ወባ የለብህም" የተባለው ሰው እንኳ ሥራው ጨመረ፤ ጤነኛ መሆኑን ማወቁ ብቻ አበረታው። ጋና ውስጥ ኦቡዋሲ ላይ አንግሎጎልድ አሻንቲ የተባለው የወርቅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2006 አካባቢ ጀምሮ በከተማው ያሉ ቤቶችን ፀረ ትንኝ መድኃኒት አስረጨ። የሠራተኛውን ቤት ብቻ አይደለም። ትንኝ የማን ቤት እንደሆነ አትጠይቅምና። በሁለት ዓመት ውስጥ የወባ ሕመምተኛ ቁጥር በሦስት አራተኛ ያህል ወረደ።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የዚህ ከተማ የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም፣ ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቶ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን (የአካባቢ ጽዳት ባለሙያ) አንድ ላይ ሠልጥነው ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። ዛሬም እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ካላ አዛርን የሚያክም ማዕከል አለ። ባለሙያው ከደጃችን ነው።

አባትየው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ደብተራቸውን አወጡና "አጎበሩን መቼ ነው መግዛት ያለብኝ?" አሉኝ። ሐምሌ ላይ አረሙ ሲጀመር ሠራተኛው አጎበር ውስጥ እንዲያድር፣ ከሰኔ በፊት አልኳቸው። ፈጣን የወባ መመርመሪያውን ደግሞ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በኩል፣ ጤና ጣቢያው እርሻው ድረስ መጥቶ እንዲመረምር አሁኑኑ ይነጋገሩበት አልኳቸው። ምን ያህል ሰው እንደሚቀጥሩ ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ አብረን መደመር ጀመርን።